ከስንት እርምጃ ይነበባል? ስለ ምናባዊ ንጉሠ ነገሥት ጦር አርማና ማዕረግ ለወጣት ሠዓሊዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዝግጅቱ አስተባባሪዎች፣ ወላጆች፣ እናንተም ይህን አዳራሽ በሥዕላችሁ የሞላችሁት ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የደንብ ልብስ በመስፋትና ማዕረግ በመጥለፍ ነው። ስለዚህ እዚህ ቡራዩ ድረስ ጠርታችሁ በሥዕል ዐውደ ርእይ ላይ ተናገር ስትሉኝ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ግድግዳውን ዞሬ ካየሁ በኋላ ግን ለምን እንደ ፈለጋችሁኝ ገባኝ። በምናባችሁ አንድ ታላቅ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት መሥርታችሁ፣ ምድር ጦርና ባሕር ኃይል አቁማችሁለት፣ ከተራ ወታደር እስከ ጦር አበጋዝ 16 ማዕረግ ደርድራችሁ ለእያንዳንዱ ምልክት ሥላችኋል። የተደከመበት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ሆኖም 16ቱንም የለያችሁት በኮከብ ብዛት ብቻ ስለሆነ፣ በር ላይ የቆመው ዘብ ሰባቱንና ስምንቱን ቆጥሮ እስኪለይ ድረስ መኮንኑ ሰላምታ ሳይሰጠው አልፎ ይሄዳል።

ማዕረግ ጌጥ ከመሆኑ በፊት የሚነበብ ነገር ነው፤ አንባቢውም ብዙውን ጊዜ የቸኮለ፣ የደከመ ወይም የፈራ ሰው ነው። እኔ አንድ ምልክት ሲታዘዝልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ከስንት እርምጃ ሊነበብ እንደ ተፈለገ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን የ«ከዋክብት ጦርነት» ፊልም ንጉሠ ነገሥታዊ ጦር እንመልከት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 የወጣውን የመጀመሪያውን ፊልም አልባሳት ያዘጋጀው ጆን ሞሎ የወታደር ልብስ ታሪክ አዋቂ ነበር፤ ለዚሁ ሥራውም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። አዋቂነቱ በልብሱ ስፌት ላይ ይታያል፤ መኮንኑ ገና ብቅ ሲል፣ ማንም ምንም ሳይነግረን፣ ምን ዓይነት መንግሥት እንደሚያገለግል እናውቃለን። በግራ ደረቱ ላይ ያለው የማዕረግ ሰሌዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀይና ሰማያዊ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተደረደሩበት ይህ ሰሌዳ ያምራል፤ ለማንበብ ግን ሰውየው አፍንጫ ሥር መቆም ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች የቀለማቱ አደራደር ከማዕረጉ ጋር በወጉ ስለማይሄድ፣ ሥርዓት ያለው ሠንጠረዥ የማውጣቱ ሥራ ለኋላ ሰዎች ተረፈ። ሰፊ እንደ መሆኔ ይህን አልነቅፍም፤ ለካሜራ የሚሰፋና ለሰልፍ የሚሰፋ ልብስ አንድ አይደለም። እናንተ ግን ታሪኩን ራሳችሁ ስለምትጽፉ ሠንጠረዡን አስቀድማችሁ አውጡት።

በዚያው ዓለም እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የመንግሥቱ አርማ ነው። ቀድሞ የነበረው ሪፐብሊክ አርማ ከመሐል ወደ ዳር የሚወጡ ስምንት ጨረሮች ነበሩት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ሲይዝ ስድስት ብቻ ቀሩ። አዲስ አውሬ አልተጨመረም፣ ጎራዴ አልተመዘዘም፤ ተቀነሰ እንጂ። የእናንተ አርማ በአንጻሩ አንበሳ፣ ክንፍ፣ ነበልባል፣ ሁለት ጎራዴና ዘውድ በአንድ ክብ ውስጥ ታጭቀውበታል። በዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ ያለውን አንበሳ አስቡት፤ ዘውድ ደፍቶ፣ በፊት እግሩ በትር ይዞ ይራመዳል፤ ሳንቲም ላይ ሆኖ እንኳ አይጠፋም። አርማችሁን በአንድ ሳንቲም ልክ አሳንሳችሁ ሣሉት፤ በዚያ መጠን የማይታየውን ሁሉ አውጡት።

ወደ ማዕረጎቹ ስም ልመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁና። «አንደኛ ደረጃ አዛዥ፣ ሁለተኛ ደረጃ አዛዥ» እያላችሁ እስከ ታች ወርዳችኋል። የእኛ አባቶች ስም ሲያወጡ ሰውየው የቆመበትን ቦታ ተናገሩ። ፊታውራሪ ከፊት ይወርራል፤ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ያዘምታሉ፤ ደጃዝማች የደጁ፣ ማለትም የንጉሡ ድንኳን ደጃፍ አዝማች ነው። አራቱን ስሞች በወረቀት ላይ ብታስቀምጧቸው የሰፈሩ ካርታ ይወጣላችኋል። ፊታውራሪ ገበየሁ ዓድዋ ላይ ከፊት ሆኖ ሲወድቅ ስሙና ሥራው አንድ ነበሩ። ኋላ ኋላ እነዚህ ስሞች ጦር ሜዳ ላልረገጡ ሰዎች ሳይቀር የክብር መጠሪያ ሆነው ተሰጡ፤ ለደራሲ ይህም ራሱ ጥሩ ወሬ ነው፤ በግራ ቆሞ የማያውቅ ግራዝማች በእናንተም ግዛት ውስጥ አይጠፋም።

ሌላው ደግሞ በጆሮ የሚታወቅ ማዕረግ ነው። የአውሮፓ ባላባት ማንነቱን በጋሻው ላይ ሥሎ ይዞር ነበር፤ የእኛ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። በአቧራና በጢስ ውስጥ ማንም የማንንም ጋሻ በማያይበት ሰዓት ስሙ ይሰማል፤ ወታደሩም በጌታው የፈረስ ስም ይፎክራል። ነጋሪትም እንዲሁ ነው፤ በደጁ ነጋሪት የሚያስጎስመው ሹም ማን እንደሆነ ለማወቅ ልብሱን ማየት አያስፈልግም ነበር። የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው ያ ድምፅ ከሰው ጆሮ ስላልወጣ ይመስለኛል። በሥዕላችሁ ውስጥ አንድም ከበሮ፣ አንድም መለከት አላየሁም፤ ሥዕል አይሰማም ትሉኝ ይሆናል፣ የሚጎስመው ሰው ግን ይሣላል።

ከዚህ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ወደፊት ብትሄዱ ሆለታን ታገኛላችሁ። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መምህርነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው እዚያ ነው። የዘመናዊውን ጦር ማዕረግ ስትሰሙ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ቆሞ ታገኛላችሁ፤ ከታች አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ፣ ሁሉም ከሰው ቁጥር የወጡ ናቸው፤ ከላይ ኮሎኔልና ጄኔራል፣ ከውጭ የመጡ ናቸው። አንድ ሠራዊት ከማን እንደ ተማረ ከማዕረጉ ስም ይታወቃል። የእናንተ ባሕር ኃይልስ መርከብ መንዳትን ከማን ተማረ? ይህን ስትመልሱ ግማሹ ስም በራሱ ይወጣል።

ስለ ስፌቱ አጭር ነገር ልበል። የትከሻ ማዕረግ ከፊትና ከጎን ይታያል፣ የጠመንጃ ማንገቻ ግን ይፍቀዋል፤ የአንገትጌ ምልክት ፊት ለፊት ላለው ብቻ ነው፤ የክንድ ጥልፍ ከኋላ ላለ ወታደር ሳይቀር ይታያልና ለአሥር አለቃ ይስማማዋል። ሲመሽ ቀይ ከሁሉ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ስለዚህ በቀለም ብቻ የተለየ ማዕረግ ማታ ማታ ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ቅርጹን ለዩ፣ ቀለሙ ይከተል።

በስተቀኝ ጥግ የተሰቀለው ሥዕል ፊት ከሁሉም ይልቅ ብዙ ቆሜያለሁ። አንድ ሽማግሌ ወታደር ካፖርት ለብሶ ተቀምጧል፤ ምንም ማዕረግ የለውም። ካፖርቱ በፀሐይ ነጥቷል፣ በትከሻው ላይ ግን ያልነጣ ጠቆር ያለ ጨርቅ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ቀርቷል፤ በዳሩም የተፈታው ስፌት መርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ይህን የሣልሽው ልጅ፣ የትኛው ማዕረግ እንደ ነበረ ከ16ቱ መካከል ፈልጌ አጣሁት፤ ሻይ ስንጠጣ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።