«ጉዳዩ ተዘግቷል»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ርዕስ የልጆች የእንቅልፍ ሰዓት ነበር፤ ማስታወሻውም ፊቴ ተቀምጧል። ይሁንና ለልጆቼ እየሞከርኳቸው ያሉት የሒሳብ መማሪያ ፕሮግራሞች ነገር ከሐሳቤ ሊወጣ ስላልቻለ እንቅልፍ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ፕሮግራሞቹን የማወዳድርበት ሠንጠረዥ ከምን ደረሰ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ሠንጠረዡ አለ፤ አንድ ዓምድም ተጨምሮበታል፤ አባታቸውም አሁንም ይስቅብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ሚኒስትሯ የምንላት ልጄ በምንሞክረው ፕሮግራም ላይ ክፍልፋዮችን ማወዳደር የሚለውን ምዕራፍ በሙሉ ነጥብ አጠናቀቀች፤ ኮከቡ ወረደ፣ ችሎታዋ ተረጋግጧል የሚለው ጽሑፍ ወጣ፣ ቀጣዩም ምዕራፍ ተከፈተ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ አንድ ካልሲ በእጄ እንደያዝኩ፣ ከሁለት ሦስተኛና ከአራት አምስተኛ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቅኋት። ቀና እንኳ ሳትል ሁለት ሦስተኛ ነው አለችኝ። ለምን ስላት «ሦስት ከአምስት ያንሳላ! ታች ያለው ካነሰ ይበልጣል» አለች።

ይህ ደንብ አንድ ሦስተኛን ከአንድ አምስተኛ ጋር ስናወዳድር ያለ እንከን ይሠራል፤ ላዕሎቹ፣ ማለትም ከላይ ያሉት ቁጥሮች፣ እኩል እስከሆኑ ድረስ ታህቱ፣ ማለትም የታችኛው ቁጥር፣ ያነሰው ይበልጣል። ማታ ላይ የጥያቄዎቹን መዝገብ ከፍቼ አንድ በአንድ ስመለከት፣ የቀረበላት ጥያቄ ሁሉ በዚህ ደንብ በትክክል የሚመለስ ሆኖ አገኘሁት። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ እሷም አልገመተችም። አንድም ጊዜ ሳትሳሳት የተሳሳተ ነገር ተምራ ወጣች፤ እስካሁን የሚያብሰለስለኝም ይኸው ነው።

ወደዚያች ቅጽበት ልመለስ። ሁለት እኩል የወረቀት ቁራጮች ቆርጬ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአምስት አጠፍኩና ከመጀመሪያው ሁለቱን፣ ከሁለተኛው አራቱን ክፍል እንድትቀባ ሰጠኋት። ቀባች። ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አራት አምስተኛው በግልጽ ይረዝማል። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችና «እማዬ፣ ጉዳዩ እኮ ተዘግቷል» አለች። እንደምታውቋት ነው፤ በዚህ ቃል ስንት ጭቅጭቅ ዘግታብናለች፤ ስለዚህ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ደግሞም በደንብ አላጠፍሽውም» ብላ ጨመረች። ለአምስት እኩል ማጠፍ በእውነት ከባድ ነው፤ እጥፋቶቼም የተስተካከሉ አልነበሩም። ልጅቱ ማስረጃዬን መመርመሯ በሌላ ቀን ቢሆን የሚያኮራኝ ነገር ነበር። ያስጨነቀኝ ወረቀቱን ስትመረምር ኮከቡን አለመመርመሯ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን በስክሪን ብቻ ማሳበብ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1973 ስታንሊ ኤርልዋንገር የተባለ ተመራማሪ፣ ቤኒ ብሎ ከጠራው የ12 ዓመት ልጅ ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ አሳትሞ ነበር። ቤኒ የሚማረው እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት በሚጓዝበት፣ ፈተናውን 80 በመቶ ያገኘ ወደሚቀጥለው በሚያልፍበት የወረቀት ፕሮግራም ሲሆን፣ በጥሩ ሁኔታ ከሚራመዱት ተማሪዎች መካከል ይቆጠር ነበር። ቁጭ ብለው ሲያናግሩት ግን አምስት አስረኛ በአስርዮሽ ሲጻፍ 1.5 ነው ብሎ ያምናል፤ ላዕሉንና ታህቱን ደምሮ ነጥቡን መሀል ያስገባል። በዚሁ ስሌት አራት አሥራ አንደኛም፣ አሥራ አንድ አራተኛም ሁለቱም 1.5 ሆኑለት፤ ይህም ቅር አላሰኘውም። ለእሱ ሒሳብ ማለት በመልስ ቁልፉ ላይ የሰፈረውን መልስ ማደን ነበር። ፈተናዎቹን ሁሉ አልፎ እዚያ መድረሱን ሳስብ በሠንጠረዤ ላይ ያለኝ እምነት ይቀንሳል።

የጨመርኩት ዓምድ «ጥያቄዎቹን ራሳቸውን ማየት ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ነጥቡን ሳይሆን ጥያቄውን ከነመልሷ ማለቴ ነው። ሌሎቹ ዓምዶች አሁን የማይረቡ መስለው ይታዩኛል። ለምሳሌ አይኤክስኤል በሚባለው የመለማመጃ ፕሮግራም ላይ ነጥቡ እስከ 100 የሚወጣ ሆኖ ልጁ ሲሳሳት ይወርዳል፤ ይህ ለአንዱ ልጅ እልህ፣ ለሌላው እንባ ነው። ድራገንቦክስ የተባለው ጨዋታ ደግሞ አልጀብራን በሥዕል ይጀምርና ሥዕሎቹን ቀስ በቀስ በፊደልና በቁጥር ይተካቸዋል፤ ውብ ነው፤ ሆኖም ልጁ ጨዋታውን ትቶ ደብተር ሲገልጥ ያንኑ ነገር ያውቀዋል ወይ የሚለውን ጨዋታው ራሱ ሊነግረኝ አይችልም።

በኢንተርኔት በነፃ የሚያስተምረው የካን አካዳሚ መሥራች ሳልማን ካንም እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራውን የጀመረው ዘመዱ የሆነችን አንዲት ልጅ ከርቀት በስልክ በማስጠናት ነበር፤ ቪዲዮዎቹ የመጡት በኋላ ነው፤ ለትርፍ ያልቆመው ካን አካዳሚም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በስልክ የሚያስጠና ሰው ልጅቱ ዝም ስትል ዝምታዋን ይሰማል፤ «ገባኝ» ስትልም ድምፅዋ ውስጥ መግባቱንና አለመግባቱን ይለያል። ማስረዳቱ ተቀርጾ ለዓለም በነፃ መዳረሱ ትልቅ ነገር ነው፤ መስማቱ ግን አብሮ የሚቀረጽ አይደለም። እንግዲህ የሚሰማው ማን ነው? እኔ ነኝ እንዳልል፣ ፕሮግራም ፍለጋ የወጣሁት እኮ በየማታው ለመስማት የሚሆን አቅም ስላልተረፈኝ ነው።

ምናልባት አጋንኜው ይሆናል። ለታናሽየው የማባዣ ሠንጠረዡን የሚያለማምደው ፕሮግራም ግሩም ሆኖለታል፤ ሰባት በስምንት ስንት እንደሆነ ለማወቅ በየጊዜው «ለምን» ማለት አያስፈልግም ብዬ አስባለሁ። አስባለሁ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ትናንት ሰባት በስምንት 56 እንደሆነ በቅጽበት መልሶልኝ ስምንት በሰባት ስለው ከአንድ ጀምሮ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ይህንን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይሻል ነበር።

የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ነው፤ መወሰን አለብኝ። አባታቸው ያለውን ያዢና አንቺ ሁለት ጥያቄ ጨምሪበት ይላል፤ ቀላል አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ምናልባትም ቀላል ነው። ሚኒስትሯ ቀጣዩን ምዕራፍ፣ ክፍልፋዮችን መደመር የሚለውን፣ ጀምራዋለች፤ እስካሁን ሁሉንም አግኝታለች፤ እኔም በየኮከቡ እየተነሳሁ ለምን ማለት ጀምሬያለሁ፤ እሷም በዚህ ተሰላችታ ትናንት ታብሌቱን ይዛ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች። ልከተላት ወይስ ልተዋት የሚለውን... እንጃ፣ እሱን ገና አላሰብኩበትም።