የተርኪው አጥንት አይጣል፦ ከታንክስጊቪንግ ማግስት የሚሠራ ሾርባ

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንደምን ከረማችሁ? በዓሉስ እንዴት አለፈ? አሜሪካ ያላችሁ እስቲ ፍሪጃችሁን ከፈት አድርጉና እዩልኝ። በፎይል የተጠቀለለ ትልቅ ነገር መደርደሪያውን ሞልቶ ተቀምጧል አይደል? እሱ ነው። የታንክስጊቪንጉ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ተርኪ፤ ያ ትልቁ ዶሮ መሳይ ወፍ። ደረቱ ተቆራርጦ አልቋል፣ እግሮቹ ተገንጥለዋል፤ ክንፉን ግን ማንም አልነካውም፣ ጀርባውም እንዳለ አለ። ልጆቹ ደግሞ «ዛሬም ተርኪ?» ማለት ጀምረዋል።

ዛሬ ከዚያ ላይ ሾርባ እናወጣለን። ሾርባ ስላችሁ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ካሮት ማለቴ አይደለም። ውጭው በርዷችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁ፣ ሳህኑን በሁለት እጅ ይዛችሁ ፉት ስትሉት ደረት ድረስ የሚያሞቅ ሾርባ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት፣ አዲስ የመጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኳት። ለገና ሰሞን የሚለቀቁ ቪዲዮዎች አሉ፣ እንዳያመልጧችሁ። እሺ፣ እንቀጥል።

መጀመሪያ የሐበሻን ቅሬታ እንስማ። «ተርኪ ጣዕም የለውም፣ ይደርቃል፣ ዶሮን የመሰለ የለም።» በየዓመቱ ይባላል። ስለ ደረቱ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ደረቱ ስብ የለውም፣ ኦቨን ውስጥ ትንሽ ከቆየ ይደርቃል፤ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ግን ተርኪ ማለት ደረት ብቻ አይደለም። ክንፉ አለ። አንገቱ አለ። ጀርባው፣ መገጣጠሚያው፣ ቆዳው አለ። የወፉ ጣዕም የተደበቀው እዚያ ነው። እኛ ደግሞ የምንጥለው ያንኑ ነው። ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው።

ነገሩን በቡና ላስረዳችሁ። ቡና ካነሳሁ ደግሞ ቶሎ አልጨርስም፤ እናንተም አመቻችታችሁ ቁጭ በሉ።

ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ጀበና ውስጥ ገባ። ፈላ። አቦሉ ተቀዳ፣ ጠጣን፣ ተመረቅን። ከዚያስ? አተላውን እንደፋለን? ኧረ በስመ አብ! ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል! ውኃ ጨምረን መልሰን እንጥደዋለን እንጂ። ቶናው ይመጣል። ደግሞ ውኃ ጨምረን እንጥዳለን፣ በረካው ይመጣል። አንዴ በተወቀጠ ቡና ሦስቴ እንጠጣለን፤ ዋናው ጨዋታም የሚደራው ከአቦል በኋላ ነው። ማንም ሐበሻ አቦሉን ጠጥቶ «በቃ፣ ቡናው አልቋል» አይልም።

ተርኪውም እንደዚያው ነው። ከኦቨን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የቀረበው አቦሉ ነው። አጥንቱን ቆሻሻ ውስጥ የጣለ ሰው ጀበናውን ከአቦል በኋላ የደፋ ሰው ነው። ሾርባው ቶናው ነው። ቶና የሚወድ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ከአቦሉ ይበልጣል።

ገና አልጨረስኩም። ጀበና እሳት ሲበዛበት ምን ያደርጋል? ይገነፍላል፣ ከሰሉን ያጠፋል። መረቅም ጋብ ያለ እሳት ነው የሚፈልገው። ጀበናው ከእሳት እንደወረደ ወዲያው ይቀዳል? አይቀዳም! ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ይሰክናል፣ አተላው ይዘቅጣል። ሳይሰክን የቀዳ ሰው እንግዳውን አተላ ያጠጣል። መረቁንም እሳቱን አጥፍታችሁ 15 ደቂቃ አስክኑት፣ ከዚያ ከላይ ከላይ በጭልፋ እየቀዳችሁ አጥልሉት። አጥንቱን ሁለተኛ መቀቀል ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ ይቻላል። እንደ በረካው ቀጠን ይላል፤ ለሩዝ መቀቀያ ግን በጣም ጥሩ ነው። በቃ፣ ቡናውን እዚህ ላይ ላቁም።

አሠራሩ። ይሄ ፈጣኑ ክፍል ነው፤ ሽንኩርት ማቁላላት ለእናንተ አላስተምርም። ሥጋውን ከአጥንቱ ለዩና አስቀምጡ፣ የእግሩን ሥጋ በተለይ፤ ለሾርባ የሚሆነው እሱ ነው። አጥንቱን ሰባብሩት፣ ትልቅ ድስት ውስጥ ክተቱ። ከ12 እስከ 14 ፓውንድ የነበረ ተርኪ ከሆነ 4 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውኃ። 2 ቀይ ሽንኩርት ከነልጣጩ ለሁለት ተከፍሎ፤ ልጣጩ ቀለም ይሰጣል። 2 ካሮት፣ 2 ዘንግ ሰለሪ፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ 3 ኮረሪማ ተፈልፍሎ። የተጠበሰበት መጥበሻ ላይ ተጣብቆ የቀረው ቡናማ ነገር አለ አይደል? ሙቅ ውኃ አፍስሱበትና በእንጨት ማማሰያ ፍቃችሁ እሱንም ጨምሩ። ካልተቃጠለ አንዷም ጠብታ እንዳትባክን!

ቀስ እያለ ይሙቅ። አረፋውን ግፈፉ፤ ቆሻሻ አይደለም፣ ፕሮቲን ነው፣ ግን መረቁን ያደፈርሳል። ከሥር አንድ አንድ ብቻ ፊኛ ብቅ ሲል እሳቱን እዚያ ላይ ያዙት፤ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ከተንተከተከ ስቡ ከውኃው ጋር ይዋሃድና መረቁ ወተት መስሎ ይደፈርሳል። አዲስ አበባ ሆናችሁ በተጠበሰ ዶሮ አጥንት የምትሠሩ፣ እዚያ ከፍታው የተነሳ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ጨምሩለት።

ጨው? አሁን አይገባም። እዚህ የሚሸጠው ተርኪ ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ፈሳሽ የተወጋ ነው፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። መረቁ ደግሞ እየነጠፈ ሲሄድ ጨውነቱ ይጎላል። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቀምሳችሁ።

አሁን ወደ ኮመንት። ባለፈው የዶሮ ሾርባ ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር ጻፋችሁ። «ትኩስ ነገር ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፣ ይበላሻል። ምድጃው ላይ ይደር፣ ጠዋት ደግመን እናፈላዋለን፤ እናቶቻችን እንዲህ ነው ያሳደጉን።» ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ልጆችም አረጋውያንም የሚበሉት ምግብ ነውና ጊዜ ልውሰድበት።

«ደግመን ካፈላነው ሁሉም ይሞታል» የሚለው ነው ችግሩ። ሁሉም አይሞትም። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ይሄ ባክቴሪያ ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ያለው መልክ ይይዛል፤ ስፖሩ ሲፈላ አይሞትም፣ ይቆያል። ድስቱ ከእሳት ሲወርድና ሾርባው ቀስ እያለ ለብ ሲል ይነቃል፣ ይራባል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በዚህ ባክቴሪያ በየዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደሚታመም ይገምታል። በብዛት የሚከሰተው መቼ መሰላችሁ? በኖቬምበርና በዲሴምበር። ከምን ጋር ተያይዞ? ከበዓል ምግብ፣ ከተርኪና ከተጠበሰ የበሬ ሥጋ። የሚያመጣው የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል፣ ሕፃንና ሽማግሌ ላይ ግን ሊከብድ ይችላል። ሌላም አለ፤ ስታፍሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ምግቡ ውስጥ የሚተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። ባክቴሪያው ሞቶ መርዙ ይቀራል።

«ታዲያ እናቶቻችን?» ትሉኛላችሁ። እናቶቻችን ባለሙያ ናቸው፣ በእነሱ ላይ አፌን አልከፍትም። ግን ነገሩን አስተያዩት። ደጋ አገር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማድቤቱ ከቤት ውጭ ነው፣ ድስቱ ትንሽ ነው፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው፤ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዶሮ ወጥ ቢሆን እንኳ ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ በስሏል፣ ጨውና ቅቤው ብዙ ነው። ሾርባ ግን ውኃ ነው። እዚህ ደግሞ አፓርታማው ቀንና ሌሊት ሂተር አለው፤ ያ 4 ሊትር ድስት ክዳኑን እንደገጠመ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ያድራል። ባክቴሪያው የሚፈልገው ያንን ነው።

«ትኩስ ፍሪጅ አይገባም» የሚለውም መነሻ አለው። ትልቅ የሚፋጅ ድስት አንዴ ብታስገቡ አጠገቡ ያለውን ወተት ያሞቃል፣ መሐሉም ቶሎ አይቀዘቅዝም። መፍትሔው ውጭ ማሳደር አይደለም፤ መከፋፈል ነው። ጥልቀታቸው አራት ጣት የማይሞላ ዕቃዎች ላይ ገልብጡት። ወይም ሲንኩን በበረዶና በውኃ ሙሉና ድስቱን እዚያ ውስጥ አስቀምጣችሁ አማስሉት። እንፋሎቱ ሲቀንስ፣ ለብ እያለም ቢሆን፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ፍሪጅ ክተቱ። ከእሳት ከወረደ 2 ሰዓት ሳይሞላው!

ይሄ 2 ሰዓት ለተርኪው ራሱም ይሠራል። የእኛ ቤት በዓል ታውቁታላችሁ፤ ምሳው በ8 ሰዓት ይቀርባል፣ እንግዳው እኩለ ሌሊት ይወጣል፣ ተርኪው ጠረጴዛው ላይ ይውላል ያመሻል። እሱ ለሾርባ አይሆንም። ቡናው ሲቆላ አንድ ሰው ተነሥቶ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለይ፣ ሁለቱም ፍሪጅ ይግቡ። ሾርባው መልካም የሚሆነው ወይም የሚበላሸው ያን ጊዜ ነው፤ ማግስቱን አይደለም። ከገባ በኋላ እስከ 3፣ ቢበዛ 4 ቀን። ጊዜ ከሌላችሁ አጥንቱን ራሱን ፍሪዘር ውስጥ ጣሉት፣ ችግር የለውም።

በማግስቱ ዕቃውን ስትከፍቱ ደግሞ እንዳትደነግጡ። ከላይ ቢጫ የስብ ንጣፍ ታያላችሁ። በማንኪያ ጠርዝ ስታነሱት እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ከሥሩ ያለው ረግቷል፤ ዕቃውን ነካ ስታደርጉት ይንቀጠቀጣል፣ ማንኪያ ስትሰኩበት ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። «ተበላሸብኝ» ብላችሁ እንዳትደፉት፣ እለምናችኋለሁ! ክንፉና መገጣጠሚያው ላይ ያለው ኮላጅን በቀስታ ሲበስል ጀላቲን ይሆናል፤ የረጋው እሱ ነው። እሳት ላይ ሲወጣ ይቀልጣል፣ ከንፈር ላይ ጠበቅ የሚል መረቅ ይሆናል። ካልረጋ ውኃ አብዝታችኋል ማለት ነው፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ትንሽ አንጥፉት።

ሾርባው እንግዲህ። ከዚያ ከገፈፋችሁት ስብ 2 ማንኪያ ድስት ውስጥ። ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የቡና ማንኪያ ግማሽ እርድ። ሽታው ሲወጣ ካሮትና ድንች፣ አንድ እፍኝ የገብስ ቅንጬ፣ መረቁ። ቅንጬው እስኪበስል፣ 25 ደቂቃ ገደማ። ፓስታም ሩዝም ይሆናል፤ ለእኔ ግን ቅንጬን የሚያህል የለም፣ ሾርባውን ወፈር ያደርገዋል፣ ሆድም ይይዛል። ሥጋው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ አንዴ በስሏል፣ ከቆየ ገመድ ይሆናል። ገብቶ አንዴ ፈላ ሲል ይበቃዋል። ቴርሞሜትር ያላችሁ 165 ፋራናይት ይድረስ። ጨው፣ ትንሽ ጦስኝ፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ። ስታወርዱ ሎሚ ጨመቅ፣ ንጥር ቅቤ የቡና ማንኪያ አንድ።

በርበሬ አይገባም። አውቃለሁ፣ እጃችሁ ወደዚያው ነው የሚሄደው። በርበሬ ያን ሁሉ ሰዓት የሰበሰባችሁትን የመረቅ ጣዕም ይሸፍነዋል። ማቃጠል የፈለገ ሚጥሚጣ ከላይ ነስነስ ያድርግ። ኩብ ማጣፈጫም አያስፈልግም፤ ይሄን የመሰለ መረቅ ይዞ ኩብ የሚጨምር ሰው ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ፣ እንነጋገራለን።

ጾም የያዛችሁ፣ አልረሳኋችሁም። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፣ ኖቬምበር 24 ወይም 25። ስለዚህ በአብዛኛው ዓመት በዓሉ ጾሙ ከገባ በኋላ ነው የሚውለው። ለልጆችና ለእንግዳ ተርኪውን የሠራ እጅ ራሱ አልቀመሰውም። መረቁን ሥሩና አቀዝቅዙ፣ ሥጋውን ለብቻው በላስቲክ ቋጥሩ፤ ጨውና ሎሚውን ሰው ይቅመስላችሁ። ፍሪዘር ስታስገቡ ከዕቃው አፍ ሁለት ጣት ያህል ጉድል ተዉለት፣ ሲረጋ ይሰፋል። ቀኑን ጻፉበት። ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል፤ እስከ ገና በደንብ ይደርሳል። ድንችና ቅንጬ ግን ከማቀዝቀዣ ሲወጡ ይፈረካከሳሉ፤ እነሱን በዕለቱ ጨምሩ።

የገና ዋዜማ ፍሪዘር ውስጥ ያለውን ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለሱ፣ ከ40 ቀን በላይ ሥጋና ቅቤ ያላየ ሆድ ላይ ዶሮ ወጥ ከመውረዱ በፊት አንድ አንድ ኩባያ ትኩስ መረቅ ለሁሉም ቅዱ። ዶሮ ወጡ ከዚያ ይቀጥላል። የእሱን ሽንኩርት አቆላል በሚቀጥለው ሳምንት ቪዲዮ ሙሉውን አሳያችኋለሁ፤ እስከዚያው አጥንቱን ያልጣላችሁ መረቁ ረጋላችሁ ወይስ አልረጋም፣ ሥር ላይ ጻፉልኝ። ደህና ቆዩ!