ማታ መብራቷን ማን ይያዛት?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ ያሰብኩት የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ስለምታገለግለው ትንሿ የሶላር መብራት ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ትውላለች፣ ማታ ታበራለች።

ስለ እሷ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የተማሪዎች ጥናት ነው። እውነት ነው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ሰው ተከትላ መሄዷ ነው። ሌሊት በረት ውስጥ ከብት ሲረበሽ ይዘዋት ይወጣሉ። ጎረቤት ምጥ የያዛት ሴት ካለችም ይዘዋት ይሮጣሉ። እዚያ ምስማር ላይ ትንጠለጠልና የአዋላጇ ሁለት እጅ ለሥራው ነፃ ይሆናል። ኩራዝ ይዞ በነፋስ የወጣ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል፤ በመዳፍ ቢከልሉትም ይጠፋል።

ኩራዝ ደግሞ ጭሱ አለ። በኩራዝ ሲያጠና ያመሸ ልጅ ጠዋት አፍንጫው ሲጠረግ ጥቁር ነው የሚወጣው። ተመራማሪዎች ለክተውት፣ በኩራዝ ከሚነደው ላምባ ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ቤተሰቡ በሙሉ የሚተነፍሰው እሱን ነው። ተገልብጦ ሕፃን የሚያቃጥልበትም ጊዜ አለ።

ይህች መብራት የተቻለችው ኤልኢዲ የሚባለው የአምፖል ዓይነት በጣም ትንሽ ኃይል ስለሚበቃው ነው። የ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ነጭ የኤልኢዲ ብርሃንን ላስቻለው ሰማያዊ ኤልኢዲ ፈጣሪዎች ሲሰጥ፣ መግለጫው ከኤሌክትሪክ መስመር ውጪ ያሉ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን አንስቷል። ያንን ሳነብ ልቤ ሞቀ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ መብራቷ አንድ ናት። ልጁ ለትምህርቱ ይፈልጋታል። እናት ምድጃው ጋ ትፈልጋታለች። አባት ስልኩን ሊሰካባት ይፈልጋል፤ ስልክ ከተሰካባት ደግሞ ማታ ቶሎ ትደክማለች። ብዙ ጊዜ በጨለማ የሚቀረው ማድ ቤቱ ነው። እዚያ ቢላም እሳትም አለ፣ ጢሱን የምትስበውም ያቺው እናት ናት። ስለዚህ አንድ መብራት ተሰጥቶ "ይሄ ቤት ብርሃን አገኘ" ሲባል አልስማማም። ሁለተኛዋ መብራት ቅንጦት አይደለችም።

ሌላው ነገር ባትሪዋ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቅሟ ይቀንሳል፣ ብርሃኗም ገና በጊዜ ይከዳል። ፓነሏና አምፖሏ ደህና ናቸው፤ የደከመው ባትሪው ብቻ ነው። ግን መያዣው ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ ስለሚዘጋ ለመክፈት መስበር ግድ ይላል። ይሄ በጣም ያናድደኛል! አራት ብሎን ምን ያህል ይከብዳል? መብራት የሚያድሉ ድርጅቶች በብሎን የሚከፈተውን ይምረጡ፣ መለዋወጫ ባትሪም አብረው ያምጡ፣ እዚያው መንደር ውስጥ የሚጠግን ወጣት ያሠልጥኑ።

እንዲህ ዓይነት መብራት ከፍታችሁ ባትሪ የቀየራችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።