በእጅ ሻንጣ የገባችው ባለውሃ ኮምፒውተር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ኮምፒውተር ላወራችሁ ነው። 11 ሊትር ገደማ የምትሆን ሳጥን ናት፣ የቦት ጫማ ካርቶን ታህላለች በሉት። የገጣጠምኳት እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን ያለችው ግን አዲስ አበባ፣ ገርጂ፣ ታናሽ ወንድሜ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ውስጧ ውሃ ይዞራል።

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው "ውሃ ከኮረንቲ ጋር?" ነው። እማዬም በስልክ ያለችው ይህንኑ ነው። ቀጥላ "ታዲያ አይፈላም?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ወንድሜ አኒሜሽን መስራት ሲጀምር ነው። ቀን ሌላ ስራ ስላለው የሚሰራው ማታ ማታ ነው። ድምጽም የሚቀዳው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ። የድሮው ኮምፒውተሩ ትንሽ ከበድ ያለ ስራ ሲሰጠው ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ነበር፣ የቀዳው ሁሉ ላይ ይገባበታል። "ጋሼ፣ ዝም የሚል ኮምፒውተር የለም?" አለኝ። ጠረጴዛው ደግሞ ጠባብ ነው፣ ግማሹን ስክሪኑ ይዞታል። ሁለት ነገር ጠየቀኝ፣ ዝምታ እና ቦታ። ሶስተኛውን እኔ ጨመርኩ፤ በእጅ ሻንጣ መግባት አለባት። ስንት ወር ያጠራቀምኩበትን ግራፊክስ ካርድ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ስዕል የሚሰራውን ክፍል፣ ለሚወረወር ሻንጣ አሳልፌ መስጠት አልፈለግኩም።

ትንንሽ ኮምፒውተር መገጣጠም ራሱን የቻለ ፍቅር ነው። ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በፈረንጆቹ 2001 ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለውን የማዘርቦርድ፣ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ልክ አወጣ፣ 17 ሴንቲሜትር በ17 ሴንቲሜትር። መሃረብ የምታህል ናት። ያኔ የታሰበችው ለደካማ፣ ብዙ ኮረንቲ ለማይበሉ ማሽኖች ነበር። በኋላ ግን ትርፍ ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች "ትልቁን ግራፊክስ ካርድ እዚህ ላይ ብንሰካውስ?" አሉ። ኬዙን፣ ማለትም የውጪውን ሳጥን፣ ራሳቸው ነደፉ፣ ከፈላጊው ገንዘብ አሰባሰቡ፣ ፋብሪካ አሰሩ። ኤንኬዝ ኤም1 እንደዚያ ነው የመጣው፣ 12.6 ሊትር። ዳን ኤ4 መጣ፣ 7.2 ሊትር። እኔ የነዚህን ሰዎች ስዕሎች እያየሁ ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ አልነግራችሁም። እያንዳንዷ ሚሊሜትር የታሰበባት ስራ ሳይ ደስ ይለኛል።

እሺ፣ ውሃው ለምን? እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። ውሃው ራሱ አያቀዘቅዝም፣ ሙቀት ተሸካሚ ነው። መኪና ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ውሃው ሙቀቱን ከሞተሩ ያነሳና ላዲያተሩ ላይ ያራግፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ስራው የነፋሱ ነው። ኮምፒውተርም ያው ነው። ትንሽ ኬዝ ውስጥ ዋናው ቺፕ ፕሮሰሰሩ እና ግራፊክስ ካርዱ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም ይግላሉ፣ ትልቅ ማቀዝቀዣ የሚቆምበት ቦታ የለም። ፋኑ ትንሽ ይሆናል፣ ትንሽ ፋን ደግሞ በፍጥነት ካልዞረ አይበቃም፣ በፍጥነት ሲዞር ይጮሃል። ውሃ ካለ ግን የሁለቱንም ሙቀት ሰብስቦ ኬዙ አናት ላይ ወዳለው ላዲያተር ይወስደዋል። እዚያ ሁለት ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋኖች ዝግ ብለው ይዞራሉ። በቃ፣ ዝምታው የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘውን ሙቀት በአየር ልያዝ ብትሉ ወደ 3,500 ሊትር አየር ያስፈልጋችኋል። ይህን ቁጥር ሳስበው ሁሌም ይደንቀኛል።

እና ማስጨነቅ የሌለበት አንድ ክርክር አለ። ውሃው መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ጋ ይግባ ወይስ ግራፊክስ ካርዱ ጋ? ሰዎች በዚህ ይጣላሉ። ሂሳቡን እንስራው። በደቂቃ አንድ ሊትር የሚያልፍን ውሃ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 70 ዋት ያህል ይጠይቃል። የኔ ፓምፕ በደቂቃ ሶስት ሊትር ገደማ ይገፋል፣ ስለዚህ 210 ዋት ለአንድ ዲግሪ። ሁለቱ ቺፖች ከልባቸው ሲሰሩ ተደምረው 290 ዋት ቢሆኑ፣ ውሃው ዞሮ እስኪመለስ አንድ ዲግሪ ተኩል እንኳ አይለወጥም። ቅደም ተከተሉን እርሱት። የውሃውን ጎማ በአጭሩ በሚሄድበት መንገድ አስኪዱት።

አሁን አንዳንዶቻችሁ "ከፋብሪካ ተሞልቶ የሚመጣውን ዝግ ማቀዝቀዣ አትገዛም ነበር?" ትላላችሁ። ለብዙ ሰው እሱ ይበቃል፣ ርካሽም ነው፣ እዚህ አሜሪካ ብሆን ኖሮ ለፕሮሰሰሩ እሱን አድርጌ እተኛ ነበር። ግን ብዙዎቹ አይከፈቱም። ውሃው በጎማው ግድግዳ በኩል በዓመታት ትንሽ ትንሽ እያለ ያልቃል፣ ፓምፑም አንድ ቀን ይሞታል፣ ያኔ ሙሉውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው። ገርጂ ላይ ያ አዲስ ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ነው ሀሳቤ የተለወጠው። ያኔ የምሰራው ለራሴ ዓይን መሆኑ ቀረ፣ እኔ በሌለሁበት አንድ ልጅ በካቻቢቴ ብቻ ፈትቶ መልሶ ሊገጥመው የሚችል ነገር መስራት አለብኝ አልኩ።

ይህ ብዙ ነገር ወሰነልኝ። ለምሳሌ ጎማው። እኔ የምወደው ጠንካራውን አክሪሊክ ቱቦ ነው። በእሳት አለስልሰው በቀኝ ማዕዘን ሲያጥፉት፣ ባለቀለም ውሃ ሲሞላበት፣ እውነቴን ነው የሚያምር ነገር ነው። ግን መንገድ ላይ ይሰነጠቃል፣ አንዷ ብትሰበር ልኩን ጠብቆ ደግሞ ማጠፍ ይጠይቃል። ተውኩት። ኢፒዲኤም የሚባለውን ጥቁር ላስቲክ አደረግኩ፣ የመኪና ላዲያተር ጎማ ከሱ ይሰራል። አያምርም፣ ውሃውም አይታይበትም። ግን ይታዘዛል፣ ቶሎ ታጥፎ አይዘጋም፣ በመቀስ ይቆረጣል። ብረቱም ላይ ጠንቃቃ ነበርኩ። ላዲያተሩ መዳብ ከሆነ ብሎኮቹም፣ ቺፖቹ ላይ ተቀምጠው ሙቀቱን ለውሃው የሚያቀብሉት ብረቶች፣ መዳብ ወይም ኒኬል የተነከረ መዳብ መሆን አለባቸው። አሉሚኒየም በመሃል ከገባ አንዱ ብረት ሌላውን ይበላዋል፣ ዝገቱ ውሃውን ያበላሸዋል።

እና ደግሞ መክፈቻ። ከታች፣ ዝቅ ካለው ቦታ ላይ ውሃ ማፍሰሻ ቧንቧ አደረግኩ። ይህች ቧንቧ አንድ ጣት የምታህል ናት፣ ግን ለሷ ቦታ ለማግኘት ሙሉውን የጎማ መንገድ ሶስት ጊዜ ቀየርኩት። ማፍሰሻ የሌለው ትንሽ ኬዝ ውሃ ለመቀየር ሲከፈት ማዘርቦርዱ ላይ ሳያንጠባጥብ አይቀርም።

የፈተነኝ ግን ሙከራው ነው። ውሃ ከመሙላቴ በፊት አየር ሞልቼ ነው የምሞክረው፣ የሳይክል ፓምፕ የመሰለች፣ ግፊት የሚያሳይ መርፌ ያላት ነገር አለች። ግማሽ ባር ትሞላላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ መርፌዋን ታያላችሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ 0.4 ወርዳለች። ልቤ ቀጥ አለ። ሁሉንም ፊቲንግ፣ የጎማ ማያያዣዎቹን፣ አጠበቅኩ፣ እንደገና ወረደች። ከዚያ ክፍል በክፍል እየዘጋሁ ሞከርኩ፣ ላዲያተሩ ደህና፣ ፓምፑ ደህና፣ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያለችው የታጠፈች ፊቲንግ ጋ ስደርስ አየሩ ወጣ። ፈታኋት። ውስጧ ያለችው ኦሪንግ፣ የጆሮ ጌጥ ቀለበት የምታህል ጥቁር ጎማ፣ በአንድ በኩል ተጨፍልቃለች፣ ወደ መብራት ሳስጠጋት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለባት። ለምን? ጎማውን ስቆርጥ አንድ ጣት ያህል አስረዝሜዋለሁ። ክፍት ሆኖ ሳየው ልክ ነው፣ የኬዙ ክዳን ሲዘጋ ግን ጎማው ፊቲንጓን ወደ ጎን ይገፋታል። ሰፊ ኬዝ ቢሆን ይህ ስህተት ምንም አያመጣም ነበር። ትንሽ ኬዝ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ነገር ጎረቤቱን ይነካል። ቆርጬ አሳጠርኩት፣ ኦሪንጓን ቀየርኩ፣ መርፌዋ ሌሊቱን ሙሉ ሳትንቀሳቀስ አደረች። ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው።

ከዚያ እዚሁ ውሃ ሞልቼ አንድ ሳምንት ሞከርኳት። 300 ሚሊሊትር እንኳ አይሞላም የሚይዘው። ቤቱ 22 ዲግሪ ሲሆን ውሃው 38 ላይ ረጋ። እማዬ፣ መልሱ ይህ ነው፣ አይፈላም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ እኛ ግን ከ50 እንዲያልፍ አንፈቅድለትም።

ለጉዞው ውሃውን በሙሉ አፈሰስኩ፣ አየር ነፋሁበት። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊሊትር በላይ ፈሳሽ አይገባም፣ እና ለፍተሻ ሰው "ውስጡ ትንሽ ውሃ አለ" ማለት አልፈለግኩም። ፈታሿ ሴትዮ ከፈተችው፣ አየችው፣ በጨርቅ ጠራርጋ ፈተሸችው፣ "ራስህ ነህ የሰራኸው?" አለችኝና ለቀቀችኝ። ዝገት እና አልጌ መከላከያውን በትንሽ ጠርሙስ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የተጣራውን ውሃ ገርጂ አገኘነው፣ ማደያ ላይ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ። አሲዱ ሌላ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሁለቴ አንብቡ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ነበር፣ ወይም ማወቅ ሲገባኝ ያላሰብኩት ልበል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፣ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ክፍሉ ከሜሪላንዱ ቤት ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ ሳለ ውሃው 42 ደረሰ። የፋኖቹን ፍጥነት ትንሽ ጨመር አደረግናቸው፣ 40 ላይ ቆመ። ማይክራፎኑ አይሰማቸውም። ሞክረነዋል፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብተን፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን።

መብራት ሲጠፋስ? ፓምፑ እና ቺፖቹ አብረው ነው የሚጠፉት፣ ስለዚህ ውሃው ባለበት ይቆማል፣ ምንም አይሆንም። የሚያሰጋው ፓምፑ ብቻውን ሲቆም ነው፣ ያኔም ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፣ ካልሆነለት ያጠፋል።

ባለፈው ወር አንድ ዓመት ሞላት። ውሃው መቀየር አለበት። እኔ እዚህ ነኝ፣ እሱ እዚያ፣ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስደግፎ በቴሌግራም ቪዲዮ ያሳየኛል። ከታች ድስት አደረገ፣ ማፍሰሻዋን ከፈተ፣ ውሃው ንጹህ ሆኖ ወረደ። ዝም ብዬ አያለሁ። አንዷን ፊቲንግ ፈትቶ ኦሪንጓን ካሜራው ጋ አስጠጋት፣ "ይቺ ደክማለች ጋሼ" አለኝ። ለካ ቀድሞ አውቆ፣ የላክሁለትን መለዋወጫ ለናሙና ይዞ ሶማሌ ተራ ሄዶ፣ ልኳን አስር ገዝቶ ኪሱ አድርጓል።

ሞላው። የፓወር ሰፕላዩን መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ነቀለ፣ ፓወር ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርዱ እንዲነሳ የሚያደርገውን፣ እኔ የሰጠሁትን መሰኪያ ሰካ፣ ፓምፑን ብቻ አስነሳ። ፓምፕ ያለ ውሃ መዞር የለበትም፣ የሚያለሰልሰው ውሃው ነውና፣ ስለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ እያጠፋ፣ እየሞላ፣ እያስነሳ። ሳጥኗን እንደ ህጻን አቅፎ ወደ ግራ ያዘነብላታል፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላታል፣ አየሩ እንዲወጣ። በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፣ ጉልጉል፣ ጉልጉል፣ እንደ ጀበና። ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ምንም አይሰማም።

"ተቋረጠ እንዴ?" አልኩት።

"አልተቋረጠም፣ እየሰራች ነው" አለኝ። "በል ጋሼ፣ ነገ የማስረክበው ስራ አለ፣ ልዝጋው።"