ግድግዳው የስፒከሩ አካል ነው

ሀ፦ ክሊፕሽሆርኖቼ፣ እነዚያ ጥግ ላይ የሚቀመጡት ትልልቅ ስፒከሮቼ፣ ቤቴ ከገቡ ዘንድሮ 18 ዓመት ሆናቸው። ዛሬም ማታ ፊት ለፊታቸው ስቀመጥ ደስ ይለኛል።

ለ፦ ሰው ስለ እነሱ ሲያወራ «ይጮኻሉ» ነው የሚለው። አንተ ግን ዝቅ አድርገህ ነው የምትሰማው።

ሀ፦ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው! አምራቹ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 105 ዴሲቤል ድምፅ ይሰጣል ይላል። ብዙ የቤት ስፒከር 85 አካባቢ ነው። የ20 ዴሲቤል ልዩነት እኮ ለእኩል ድምፅ የመቶ እጥፍ ጉልበት ነው።

ለ፦ ታዲያ 8 ዋት ያላት የቫልቭ (የመስታወት ቱቦ) አምፕሊፋየር ትበቃቸዋለቻ!

ሀ፦ ትተርፋለች እንጂ! ሆርኑ፣ ማለትም እንደ መለከት አፍ እየሰፋ የሚሄደው መውጫ፣ አየሩን ለመግፋት ስለሚያግዘው የዉፈሩ (የባሱ ድምፅ ማውጫ) ኮን እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ብዙ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ድምፁን አያዛባም። የስፒከሩ ፈጣሪ ፖል ክሊፕሽ አጥብቆ የተከራከረለት ይሄንን ነው። ሰው ተኝቶ ድምፁን ስቀንስ፣ ጣት ከበሮው ላይ ሲያርፍና ቆዳው ሲመልስ ለየብቻ ይሰሙኛል።

ለ፦ ግን የአምፕሊፋየሩን ሽሽ የሚል ድምፅም አብረው ያሰሙሃል። የእኔዎቹ ሄረሲዎች፣ የዚያው የክሊፕሽ ትንንሾቹ ስፒከሮች፣ እንኳ አይምሩም።

ሀ፦ እውነትሽን ነው፤ ጸጥ ያለ አምፕሊፋየር የግድ ነው።

ለ፦ ጥግ ላይ መቀመጣቸውስ?

ሀ፦ እ.ኤ.አ. በ1946 መሸጥ ሲጀምር ጀምሮ ጥግ ነው ቦታው። ባሱ ከሳጥኑ ወጥቶ የሚሰፋው ሁለቱን ግድግዳዎች ይዞ ነው፤ ግድግዳው የሆርኑ መጨረሻ ይሆናል ማለት ነው። የኔ የግራው ባስ ሳስቶብኝ ወራት ሙሉ አምፕሊፋየሩን ስጠረጥር ከረምኩ። አንድ ቀን እጄን ከኋላ ብሰድ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት! ስፖንጅ ጠቀጠቅኩበት፣ የክራሩ ወፍራም ጅማት በዚያው ምሽት ተመለሰ።

ለ፦ ወይ ጉድ! ያረጀ ነገርስ የለም?

ሀ፦ ክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚለየው ሰርኪውት፣ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች የሚባሉት ክፍሎች አረጁ። ቀጭኑ ድምፅ ቀስ እያለ ሲደበዝዝ ጆሮ ይለምደዋል፣ ክፋቱ እሱ ነው። በልካቸው አዲስ ገዝቼ በየድኩ። የመጀመሪያው ጸናጽል ሲመታ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ለ፦ የእኔም ትዊተሮች፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት፣ ደብዘዝ ብለውብኛል። ካፓሲተሩ ይሆናል ማለት ነው?

ሀ፦ ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ መበየጃዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ከፍተን እንየው።