በራሪ ወረቀትን ከነጀርባው ማንበብ

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የአብዮት ዘመን ጽሑፍ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ ወደ ሐሳቡ እንሮጣለን። እኔ ግን አስቀድመን መቼ ወጣ፣ ስንት ታተመ፣ ማን እጅ ገባ ብለን እንድንጠይቅ አደራ እላለሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

የኮሙኒስት ማኒፌስቶ በፌብሩዋሪ 1848 ለንደን ላይ በጀርመንኛ ታተመ፤ 23 ገጽ ነበር፣ የጸሐፊዎቹ የማርክስና የኤንግልስ ስምም አልተጻፈበትም። በዚያው ወር ፓሪስ ላይ አብዮት ፈነዳ። ቀኖቹ ስለተቀራረቡ ብቻ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረግ ግን ስሕተት ነው። ጽሑፉ በሰፊው መነበብ የጀመረው ከ1870ዎቹ ወዲህ ነው። የቶማስ ፔይን «ኮመን ሴንስ» የተባለው ትንሽ መጽሐፍ ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በጃንዋሪ 1776 ፊላደልፊያ ላይ ወጣ፤ ንጉሥ ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ አቀረበ፤ ስድስት ወር ሳይሞላም የአሜሪካ ነፃነት ታወጀ። እዚህ ላይ ተጽዕኖው እውነት ነው። 120 ሺህ ቅጂ ተሸጠ የሚለው ቁጥር ግን ከራሱ ከፔይን የመጣ ስለሆነ በጥንቃቄ ያዙት።

ቀን አቆጣጠር ብዙ ሰው አሳስቷል። የሩሲያ አብዮት መሪ ሌኒን ፔትሮግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) የገባው በአሮጌው የሩሲያ አቆጣጠር ኤፕሪል 3 ቀን 1917 ነው፤ የአብዮቱን አቅጣጫ ያመለከተባቸው የኤፕሪል ቴዚሶቹ ፕራቭዳ ጋዜጣ ላይ የወጡት ኤፕሪል 7። በአዲሱ አቆጣጠር እነዚህ ቀኖች 16 እና 20 ናቸው። መግቢያውን ከአንዱ፣ ኅትመቱን ከሌላው የወሰደ ሰው የአራቱን ቀን ጥድፊያ 17 ቀን ያደርገዋል፤ የታሪኩም መልክ ይለወጣል። ስለዚህ መዝገብ ስትሞሉ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከቀኑ ጎን ጻፉ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። በስቴንስል፣ ማለትም ቀለም በተበሳው ፊደል በኩል በሚያሳልፍ ሰም የተቀባ ወረቀት፣ የተባዛ በራሪ ወረቀት ብዙ ይናገራል። ታይፒስቱ የታይፑን ሪባን ያነሣና ፊደሉ ሰም የተቀባውን ወረቀት እንዲበሳ ያደርጋል። አጥብቆ ከመታ ክብ ፊደል መሐሉ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ሲባዛም ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ስቴንስሉ እየለፋ ሲሄድ ጠርዙ ይቀደዳል፣ ቀለምም ያፈስሳል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ካገኛችሁ ጉድለታቸውን አስተያዩ፤ በአንድ ስቴንስል የወጡ ከሆኑ የትኛው ቀድሞ እንደተባዛ ይነግራችኋል። ጀርባውንም ገልብጡ፦ የእጥፋቱ መስመር፣ የሙጫው ምልክት፣ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን፣ ሁሉም ወረቀቱ በኪስ ሄዶ እንደሆነ ወይም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንደነበር ያስረዳል።

የሚያሳዝነው፣ ከጨርቅ ቃጫ በተሠራ ወረቀት ላይ የታተመው የ1776 ጽሑፍ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በራሪ ወረቀት የተሻለ ይቆያል። የኋለኛው ርካሽ የእንጨት ወረቀት ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ያደክመዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፣ በመጨረሻም እጥፋቱ ላይ ይሰብረዋል። በቅድሚያ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሡ። የዛገውን የስቴፕለር ሽቦ ሳትጎትቱ እግሮቹን በቀስታ ቀና አድርጋችሁ አውጡ። በፕላስቲክ አታሽጉት፤ የተቀደደውንም በስኮች አትለጥፉ፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና አይለቅም። ቁጥር በእርሳስ ብቻ ጻፉ፤ አሲድ በሌለው ፎልደር ውስጥ፣ ብርሃንና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ።

የጧቱ ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው በጠረጴዛዎቹ ላይ በተዘረጉት ወረቀቶች ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ቅረቡ። ጉባኤው ተከፍቷል።