መጀመሪያ ውሃውን እዩ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ሦስት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ አሮጌ የእንፋሎት ትራክተር ልትገዙ እንደሆነ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ውስጥ የቦይለር፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ዝግ የብረት በርሜል፣ ጠባቂ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አለፉ። በጋ በመጣ ቁጥር ደግሞ የገበሬዎች ትርኢት ላይ የእንፋሎት ትራክተር እነዳለሁ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የማውቀውን ልንገራችሁ ብዬ ነው ዛሬ የቆምኩት።

ይሄ ማሽን ለእኛ ሰው ፍጹም ባዳ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ገጠር ያደጋችሁ ደግሞ ታስታውሳላችሁ፣ እህል የምናስፈጭበትን ወፍጮ ራሱ «ባቡር» እንል ነበር። እናቴ «ባቡር ቤት ሂድ» ስትለኝ ጤፍ ተሸክሜ መሄዴ ነው። እኔ ዛሬም ያንን ትራክተር በልቤ ባቡር እያልኩ ነው የምጠራው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ብንነዳ ሜዲና የምትባል ከተማ አለች። ሐምሌ 22 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ቀን 2001፣ እሑድ ነበር። ለካውንቲው ዓመታዊ ትርኢት ዝግጅት ላይ ሳሉ በፈረንጆቹ 1918 ኬዝ የሚባል ኩባንያ የሠራው አንድ የእንፋሎት ትራክተር ወደ ግቢው ገባ። ቦይለሩ እዚያው ፈነዳ። አምስት ሰው ሞተ። በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ተጎዱ። ማሽኑን የሚወዱ ሰዎች ናቸው የሞቱት። ይህንን ስናገር እስከ ዛሬ ድምፄ ይለወጣል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር አንድ ብቻ አልነበረም። ውሃው ከምድጃው ጣሪያ በታች ወርዶ ነበር። የጣሪያው ብረት በዝገት ሳስቶ ነበር። የመጨረሻ መከላከያ የሆነው ታፖ፣ ማለትም ቀልጦ የሚያስጠነቅቀው ቡሎንም፣ ሥራውን አልሠራም። በቀጣዩ ዓመት ኦሃዮ ሕግ አወጣች። ዛሬ በዚህ ግዛት እንዲህ ያለ ታሪካዊ ቦይለር ይዞ ሕዝብ ፊት ለመቅረብ ቦይለሩ መመርመር አለበት፣ የሚነዳውም ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ምድጃው ማለት የቦይለሩ የኋላ ክፍል ነው። እሳቱ ከታች፣ ጣሪያው ከላይ፣ ከጣሪያው በላይ ውሃ። ጀበና እሳት ላይ ጥዳችሁ ውሃ እስካለበት ድረስ ምንም አይሆንም። ባዶውን ስትረሱት ነው የሚሰነጠቀው። የትራክተሩም ጣሪያ እንደዚያው ነው። ውሃ ካለበሰው እሳቱ ብረቱን ያቀላዋል፣ የቀላ ብረት ደግሞ ጉልበት የለውም። የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ 100 ፒኤስአይ ሲያሳይ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 70 ቶን ገደማ ጫና አለ። ጢም ብለው የጫኑ ሁለት ሲኖትራኮች አስቡ። ውስጥ ያለው ውሃ በዚያ ግፊት 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ብረቱ ሲቀደድ ግፊቱ ባንዴ ይጠፋና ከፊሉ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ 1,600 ሊትር እንፋሎት ይሆናል። የሚገድለው እሱ ነው።

ስለዚህ የውሃውን መስታወት እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ቦይለሩ ላይ የቆመች ቀጭን የመስታወት ቱቦ ናት። ላይዋ ከእንፋሎቱ፣ ታችዋ ከውሃው ጋር የተገናኘ ነው። እሷም ታታልላለች። ገና ጀማሪ ሳለሁ የሆነውን ላጫውታችሁ። መስታወቱ ግማሽ ድረስ ውሃ ያሳያል፣ እኔም ልቤን ጥዬ እንጨት እጨምራለሁ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ መጡና ዝም ብለው አዩት። «ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ውሃው ለምን አይወዛወዝም?» አሉኝ። ወዲያው የመስታወቱን ማፍሰሻ ከፈቱት። ውሃው ፈሶ አለቀ። ማፍሰሻውን ዘጉት፣ ውሃው አልተመለሰም። የታችኛው ቀዳዳ በነጭ ቅርፊት ተዘግቶ ኖሯል! ከጎን ካሉት ሦስት የመሞከሪያ ሩቢኔቶች የላይኛውን ከፈቱ፣ እንፋሎት። የመሃሉን ከፈቱ፣ እንፋሎት። የታችኛው ብቻ ውሃ ተፋ። ውሃ ስለነበር ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚያስገባውን ኢንጀክተር ከፍተው ሞሉት። እጄ ግን ማታ ድረስ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

የታችኛውም እንፋሎት ቢሆን ኖሮስ? ይህንን በደንብ ስሙኝ። በዚያን ሰዓት ውሃ አይጨመርም። ማሽኑም አይነቃነቅም፣ ምክንያቱም የሚናጥ ውሃ የጋለው ብረት ላይ ይወጣል። እሳቱ ላይ እርጥብ አመድ ወይም አፈር ይደፋበታል፣ የአየር መግቢያው ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ይርቃል። ከዚያ እስኪበርድ መጠበቅ ብቻ ነው። ማሽኑ ይበላሻል ብላችሁ አትሳሱ።

ታፖ ያልኩት ጣሪያው ላይ የሚጠለቅ የነሐስ ቡሎን ነው። ልቡ ቲን በሚባል ለስላሳ ብረት የተሞላ ነው፣ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ጣሪያው ውሃ ሲያጣ ቀልጦ እንፋሎቱን ወደ እሳቱ ይለቃል፣ ያኔ ሁሉም ይሰማል። ግን በቅርፊት ከተሸፈነ ወይም ካረጀ ላይሠራ ይችላል። በጊዜው ይቀየር። ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭም፣ ጌጁም ቢሆን የሚሞት ዕቃ ነው። ጌጁን ከተመሰከረለት ጌጅ ጋር አስተያዩት።

ስለ ግዢው አጭር ልበል። የሚያብረቀርቅ ቀለም አያማልላችሁ። ባለሙያ አምጡና የብረቱን ውፍረት በአልትራሳውንድ ነጥብ በነጥብ ይለካ። ከዚያ ያለ እሳት፣ በውሃ ብቻ ተሞልቶ ከሥራው ግፊት በላይ ይፈተን። በአየር ግን በፍጹም አይፈተን። ሻጩ «አያስፈልግም፣ ባለፈው ዓመት ነድቼዋለሁ» ካለ አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። ኢንሹራንሱንም ከግዢው በፊት ጨርሱ።

መንዳቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መሪው በካቴና የሚጎተት ስለሆነ ብዙ ትዞራላችሁ፣ ጎማው ጥቂት ይዞራል። ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ከሁሉም የምፈራው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዳገት ስትወጡ ውሃው ወደ ኋላ ስለሚሄድ መስታወቱ የሞላ ይመስላል። ጫፍ ደርሳችሁ ቁልቁል ስትሉ ግን ውሃው ወደ ፊት ይሸሻል፣ የምድጃው ጣሪያ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ዳገት ላይ በምታዩት አትመኑ። ከመውጣታችሁ በፊት በደልዳላው ላይ ሳላችሁ ውሃውን ሙሉት። ቁልቁለት መሃል ማርሽ አይነካም። ማርሽ የሚቀየረው ቆሞ ነው። ያንን ሁሉ ቶን ይዞ የሚገታችሁ ሞተሩ ራሱ ነው፣ ማርሹ ከወጣ እጅ ፍሬኑ ብቻውን አይችለውም።

ውሃ ማስገቢያችሁም ሁለት ይሁን፣ ኢንጀክተርም ፓምፕም። ኢንጀክተር የታንከሩ ውሃ ሲሞቅ እምቢ ይላል፣ ያውም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት።

አንድ ነገር ለወላጆች። ነጭ ሆኖ የምታዩት ጭስ መሳይ ነገር ቀዝቅዞ ጤዛ የሆነው ነው። እውነተኛው እንፋሎት አይታይም። ቀዳዳው አጠገብ ባዶ የሚመስለው ቦታ ነው ሥጋ የሚያበስለው። ልጆቹ ከቮላኖው፣ ማለትም ከሚሽከረከረው ትልቅ ጎማ፣ እና ከማሽኑ እንዲርቁ ገመድ ይወጠር፣ ገመዱ ጋ የሚቆም ትልቅ ሰው ይመደብ።

ሊማር የሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ በአሜሪካኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ይምጣ። እሳቱን ቀስ ብለን ስለምናነሳው ጊዜ ይወስዳል፣ ቡና በፔርሙዝ ያዙ። የጥጥ ልብስ ልበሱ፣ ናይለን ገላ ላይ ይቀልጣል። ጫማችሁ የተሸፈነ ይሁን። የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ማንም መሪ አይነካም፣ ማንም ፉጨቱን አይስብም። በየተራ መስታወቱ ፊት ትቆማላችሁ፣ ስጠይቃችሁም ውሃው የት እንዳለ ጮክ ብላችሁ ትነግሩኛላችሁ።

አመሰግናለሁ።